ከባርጩማው ፊት አርባ ደቂቃ፦ የሙዚየምና የሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመስከረም ወር የክበባት ምዝገባ ሲካሄድ የሙዚየምና የሥነ ጥበብ ክበብ 38 ተማሪዎችን መዝግቦ ሥራውን ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ብዙዎቹ የተመዘገቡት ክበቡ ጉብኝት እንደሚኖረው ሰምተው ነበር፤ ጉብኝት ማለት ደግሞ በተማሪ ቋንቋ ከክፍል መውጣት ማለት ነው። ኅዳር ሲገባ 21 ቀሩ። ይህ ዘገባ በዋናነት ስለ እነዚህ 21 የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚናገር ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ እየተገናኘን የሠራነውን፣ ያልሠራነውንና የተበላሸብንን ጭምር ይዟል።

ክበቡ ሲቋቋም ያቀድነው የሥነ ጥበብ ሙዚየምን እንደ መማሪያ ክፍል መጠቀም ነበር። ነገር ግን በአገራችን ስመ ጥር የሆኑት የሥዕል ስብስቦች ያሉት በአዲስ አበባ ነው፤ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሁሉም ከእኛ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በእጃችን ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋርን መገልገያዎችና የአካባቢውን የእጅ ሥራ ውጤቶች የያዘው የጅማ ሙዚየም ነው። ብዙ ሰው ይህን ሙዚየም የታሪክ ቤት እንጂ የሥነ ጥበብ ቤት አድርጎ አያየውም፤ እኔም አላየሁትም ነበር። እንጨት ቀርጾ መቀመጫ ማበጀት ግን ሥነ ጥበብ ካልሆነ ሥነ ጥበብ የቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ጅማም በዚህ ሙያዋ የታወቀች ከተማ ናት።

የመጀመሪያው ጉብኝታችን በጥቅምት ወር የተደረገ ሲሆን ያለ ማጋነን ከሽፏል። ጥፋቱም የእኔ ነበር። ሠላሳ ስምንቱንም ተማሪዎች በአንድ ጊዜ አስገባሁ፤ እያንዳንዱም ደብተር ይዞ «ያየውን እንዲጽፍ» አዘዝሁ። ተማሪዎቹ ያዘዝኋቸውን በትክክል ፈጸሙ፤ ከየዕቃው አጠገብ ያለውን የመግለጫ ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጠው፣ የጻፈውንም ላልጻፈው እያቀበሉ፣ በ25 ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው ግቢው ውስጥ ፎቶግራፍ ይነሡ ጀመር። በማግሥቱ ደብተሮቹን ስሰበስብ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። አንዱን ልጅ «የንጉሡ መቀመጫ ስንት እግር አለው?» ብዬ ብጠይቀው «ቲቸር፣ እሱ አልተጻፈም» አለኝ። መልሱ አሳቀኝ፤ ግን ትክክል ነበር። ያስተማርሁት ጽሑፍ ማንበብን እንጂ ዕቃ ማየትን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ወደ ሙዚየም አልተመለስንም። በክፍል ውስጥ ማየትን ብቻ ተለማመድን። ችግሩ የእኛ ልጆች ብቻ እንዳልሆነ ያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ነው፤ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች በአንድ የታወቀ ሥዕል ፊት የሚቆሙት በአማካይ 27 ሰከንድ ያህል መሆኑንና ከጎብኚዎቹ ግማሾቹ ደግሞ ከ17 ሰከንድ እንደማያልፉ ጥናቱ መዝግቧል። በአንጻሩ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚያስተምሩት ጄኒፈር ሮበርትስ ተማሪዎቻቸው በአንድ ሥዕል ፊት ሦስት ሙሉ ሰዓት እንዲቀመጡ ያዝዛሉ። እርሳቸው ራሳቸው ኮፕሊ የተባለው ሠዓሊ በ1765 እ.ኤ.አ. የሣለውን አንድ ልጅና የሽኮኮ ሥዕል ሲመለከቱ፣ የልጁ የጆሮ ቅርጽ በሽኮኮው ሆድ ላይ ካለው የጠጉር ቅርጽ ጋር መመሳሰሉን ያስተዋሉት ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ እንደነበር ጽፈዋል። ይህን ለክበቡ ሳነብ ተማሪዎቹ ሦስት ሰዓቱን እንደ ቅጣት ቆጠሩት። እኛም በአንድ ክፍለ ጊዜ ልክ፣ ማለትም በ40 ደቂቃ ተስማማን።

በልምምዱ የተጠቀምንበት ዘዴ አቢጌል ሃውዘን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪና በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ፊሊፕ ዬናዋይን ያዘጋጁት ሲሆን፣ ቁልፉ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፦ እዚህ ሥዕል ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ምን አይታችሁ ነው ይህን ያላችሁት? ሌላስ ምን እናገኛለን? መምህሩ ትክክል ወይም ስሕተት ሳይል ተማሪው ያለውን በሌላ ቃል ይደግማል፤ ተማሪው የጠቀሰውንም ነገር በጣቱ ያመለክታል። ሲነገር ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን የዓመቱ ከባድ ሥራ ነበር። ሃያ ዓመት «ጎበዝ!» እና «አይደለም!» ሲል የኖረ አንደበት ዝም ማለት አይሆንለትም። ሁለተኛው ጥያቄ ዋነኛው መሆኑን የተረዳሁት ቀስ በቀስ ነው። «ሴትዮዋ አዝናለች» ያለ ልጅ ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ ሲጠየቅ ወይ ማስረጃ ያመጣል፣ ወይ ሐሳቡን ይቀይራል፤ በኋላም የአማርኛ ቋንቋ መምህሯ የክበቡ አባላት በድርሰታቸው ውስጥ «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል ማዘውተራቸውን ነግረውኛል።

ሁለተኛው ጉብኝት በጥር ወር ተደረገ። በዚህ ጊዜ በአንድ ዙር ሰባት ሰባት ተማሪዎችን ብቻ ይዤ ገባሁ፤ ደብተር ሳይሆን አንድ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ያዙ፤ ሥራውም አንድ ዕቃ መርጦ 40 ደቂቃ ከፊቱ መቆየት ሆነ። አስጎብኚውን ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ምንም እንዳይናገሩ ስንለምናቸው «መምህር፣ እኔ ዝም ካልሁ ልጆቹ ምን ይዘው ሊመለሱ ነው?» ብለው ተገረሙ። ሆኖም በሩ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁን። የመጀመሪያው ዙር ተማሪዎች አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁሉንም አይተው እንደጨረሱ ነገሩኝ። እኔም የተባልሁትን ጥያቄ ደገምሁ፦ ሌላስ?

ከሰባቱ አራቱ የመረጡት ባለ ሦስት እግሩን ባርጩማ ነበር። ስሙ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የተሻገረ ስለሆነ ልጆቹ በሁለቱም ቋንቋ እየቀላቀሉ ሲነጋገሩ አልከለከልኋቸውም። መጀመሪያ ያስተዋሉት መገጣጠሚያ የሌለው መሆኑን ነው፤ ምስማር የለም፣ ሙጫ የለም፣ መቀመጫውና እግሮቹ ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ቀጥሎ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የእንጨቱ መስመር ከመቀመጫው ወደ እግሩ ሳይቋረጥ እንደሚወርድ አሳየችን። ከዚያ ለምን ሦስት እግር፣ ለምን አራት አልሆነም የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ አስጎብኚውም ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻሉም። ይሁን እንጂ የተናገሩት ለተጠየቁት መልስ ስለነበር ልጆቹ በጥቅምት ወር ባላዳመጡት ልክ አዳመጧቸው።

የእግሩ ጥያቄ ወደ ትምህርት ቤት ተከትሎን መጣ። የሒሳብ መምህሩ በሚቀጥለው ዓርብ ተጋብዘው፣ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ እንደሚያርፉ፣ አራተኛው ነጥብ ግን ከጠለሉ ውጪ ሊውል እንደሚችል በእርሳስና በካርቶን አሳዩ። የአፈር ወለል ባለበት ቤት ባለ አራት እግር ወንበር የሚያንገዳግደው፣ ባለ ሦስት እግር ባርጩማ ግን የማይነቃነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም ባርጩማ የሚፈለፍሉ አንድ አዛውንት ባለሙያ ጋ ሄድን። እርሳቸው የዋንዛ እንጨት ለመፈልፈል የሚመች መሆኑን፣ እንጨቱ ጨርሶ ሳይደርቅ ሲሠራ መሣሪያ እንደሚቀበል፣ ከተሠራ በኋላ ግን ፀሐይ ላይ ከተሰጣ እንደሚሰነጠቅና በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት በተግባር አስረዱን። አንድ ተማሪ መሮውን ተቀብሎ ሞከረ፤ ከዚያ በኋላ በሙዚየሙ ያለውን ባርጩማ «ቀላል ሥራ» ብሎ የጠራ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ሦስቱ ጥያቄዎች ያለኝን ቅሬታ ልግለጽ። ዘዴው መምህሩ መረጃ እንዳይሰጥ ያዝዛል፤ ለጀማሪ ተመልካች ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ባርጩማው ላይ ያለውን ወዝ አንዱ ልጅ ቫርኒሽ ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው ስለተቀመጠበት ነው ሲል፣ ክርክሩን ዓይን ብቻ አይፈታውም። ማየት ጥያቄውን ይወልዳል፤ መልሱ ግን አንዳንድ ጊዜ ባለሙያው ዘንድ ነው። ስለዚህ እኛ ዘዴውን ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብቻ ተጠቅመን፣ ከዚያ በኋላ መጠየቅን፣ ማንበብንና ባለሙያ መፈለግን ጨመርንበት። የዘዴው አዘጋጆች በዚህ ላይስማሙ ይችላሉ።

በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ አዲስ አበባ ለሚሄዱ ሦስት አባላት የቤት ሥራ ሰጠን፦ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተው አንድ ነገር ብቻ ለሩብ ሰዓት እንዲያዩ። ሁለቱ ሳይሄዱ ቀሩ። ሦስተኛዋ ግን ቤተሰቧ ምድር ቤት ሉሲን ሊያዩ ሲወርዱ እርሷ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእንጨት ዙፋን ፊት ቀረች፤ አጎቷም ጠፍታ እንደሆነ ጠርጥረው ሲፈልጓት እንደነበር ነግራናለች። ስትመለስ የሣለችውን ከባርጩማው ሥዕል ጎን ሰቀለችው። ያቀረበችው ሐሳብ ክበቡን ለሁለት ሳምንት አከራክሯል፦ «ዙፋኑ የተሠራው ለሚያዩት ሰዎች ነው፤ ባርጩማው የተሠራው ለሚቀመጥበት ሰው ነው።» አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አባ ጅፋርም ንጉሥ እንደነበሩና መቀመጫዎቻቸውም ለመታየት ያጌጡ መሆናቸውን በመጥቀስ ተቃወማት፤ ጉዳዩ እስካሁን አልተቋጨም።

ሩቅ ያለውን የጥበብ ሥራ በፎቶግራፍ ማስተማር የራሱ ችግር አለው። በመጋቢት ወር ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩትን፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳዩትን ሦስት የመስታወት ሥዕሎች በደብተር ወረቀት ልክ አትመን አየን። ተማሪዎቹ ስለ ሰዎቹና ስለ ቀለሞቹ ጥሩ ተናገሩ፤ ስለ ግዝፈቱ ግን ማንም አልተናገረም፤ ከወረቀቱ ላይ ሊታይ አይችልምና። ሥራው በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር መሆኑን ስነግራቸው ቁጥሩ ምንም አልሆነላቸውም። ስለዚህ ኖራና ሜትር ይዘን ወደ ሜዳ ወጣንና 10 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ቦታ አሰመርን። የሥራው ቅርጽ እንደዚህ ባይሆንም ስፋቱ ያው ነው። ሃያ አንዱም ልጆች ገብተው ቆሙ፤ ገና ብዙ ቦታ ተረፈ። ከሰባተኛ ክፍል እግር ኳስ ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ሜዳችንን ለምን ቀማችሁን ብለው ስላስቸገሩ ትምህርቱ በዚያው ተቋረጠ፤ ነገር ግን የኖራው መስመር ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ቆየ።

የሚያዝያና የግንቦት ሥራችን በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ያለችውን አንዲት የመስታወት ቁም ሣጥን ሙዚየም ማድረግ ነበር። እያንዳንዱ አባል ከቤቱ አንድ ዕቃ በውሰት አምጥቶ ከ40 ቃላት ያልበለጠ መግለጫ እንዲጽፍለት ተደረገ። ደንቡ አንድ ነው፦ ዕቃውን ያላየ ሰው ሊጽፈው የሚችለው ዓረፍተ ነገር አይፈቀድም። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የአያቱን የእንጨት ሙቀጫ አምጥቶ መጀመሪያ የጻፈው «ሙቀጫ። ለቡና መውቀጫ የሚያገለግል ባህላዊ ዕቃ ነው» የሚል ነበር። መለስንለት። በሳምንቱ ያመጣው ይህ ነው፦ «ውስጡን ከላይ ሆነው ይመልከቱ። አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ ተበልቷል። አያቴ ግራኝ ናቸው።» ይህን ካነበብሁ በኋላ ለቀሩት መግለጫዎች ምሳሌ ፍለጋ አልተቸገርሁም። መሶቡ፣ የቆየው ሬዲዮና የብር አምባሩም ሁለት ሦስት ጊዜ ተጽፈው ነው የተለጠፉት፤ ስለ ሬዲዮው የተጻፈው ግን አሁንም አልወደድሁትም።

ያልተሳኩልንን በአጭሩ ልግለጽ። ክበቡን በሙሉ ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ የጻፍነው የድጋፍ ጥያቄ መልስ አላገኘም። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ለመሣል የያዝነው ቀጠሮም ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል፤ ለዚህም የክበቡ ጸሐፊ ከአሁኑ የተማሪዎቹን ዝርዝር ይዛለች።

ዐውደ ርእያችን እስከ ትምህርት መዝጊያ እንዲቆይ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በግንቦት መጨረሻ አያትየው ቤታቸው እንግዳ ስለሚመጣ ሙቀጫቸው እንዲመለስላቸው ላኩብን፤ ልጁም በዕለቱ በፌስታል ይዞላቸው ሄደ። መግለጫውን ግን ማንም አላነሣውም። ወላጆች ቁም ሣጥኑን ሊያዩ በመጡ ጊዜ ባዶው ቦታ ላይ ጎንበስ እያሉ «ውስጡን ከላይ ሆነው ይመልከቱ» የሚለውን ያነብቡ ነበር።