ይድረስ ለወንድሜ ሰዒድ፣ አሳይታ (አፋር)

አሰላሙ ዐለይኩም ሰዒድ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዝም ከተባባልን ዓመታት አለፉ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን። አሁን ጉዳይ አለኝ።

እንደምታውቀው ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የበረሃ ተክል የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ለጅማ ልጅ የሚመጣለት ቁልቋልና እሾህ ብቻ ነው። አይፈረድበትም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚወርድበት አገር ያደገ ልጅ ነው። ባለፈው ከመስጊድ ደጃፍ የገዛሁትን መፋቂያ ክፍል ይዤ ገብቼ «ይሄ ምንድን ነው?» ብል፣ አንዱ «ወይራ» አለኝ!

መፋቂያው የሚቆረጥበት የበረሃ ተክል፣ የእናንተ አዳይቶ እኮ እሾህ የለውም። ሌላው ቁጥቋጦ ቅጠሉን አራግፎ በጋውን ሲያሳልፍ እሱ እንደለመለመ ይከርማል። ሥሩን ወደ ታች ሰዶ የከርሰ ምድር ውሃ ይስባል፤ በደረቅ ወንዝ ዳር የሚበዛውም ለዚሁ ነው። ቅጠሉ ወፈር ብሎ ውሃ የቋጠረ ነው፤ ጨው የበዛበት አፈርም አይበግረውም። ታዲያ ያለ እሾህ በምን ይከላከላል? የሥሩን ጫፍ ልጠህ አኝከው። መጀመሪያ እንጨት እንጨት ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫህ ድረስ ይወጣል። ቢመሳሰል አይግረምህ፣ የሰናፍጭና የጎመን የሩቅ ዘመድ ነው። የሚያቃጥለው ቅመም ተባይን ያርቃል፣ የአፍ ጀርምንም ያዳክማል። የእንጨቱ ቃጫ ሲታኘክ ተፈታትቶ ብሩሽ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አገር እንዲቀጥል አበረታቷል። እኔ ግን የጥርስ ሳሙናዬን አልተውኩም፣ እንዳትስቅብኝ።

የምለምንህ፣ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል አድርቀህ ላክልኝ። ወቅቱ ከሆነ ያችን ቀይ፣ ጣፋጭ ፍሬም ጨምርበት። ሥሩን ግን አታስቆፍርልኝ። ቅርንጫፉም ለመፋቂያ ይሆናል፤ ለገበያ ሲባል ሥር ሥሩ ከተነቀለ ዛፉ ምን ይዞ ይቆማል? እዚያ በብዛት ይቆፈር እንደሆነም አይተህ ጻፍልኝ። ደግሞ ግመል ቅጠሉን ስትበላ ወተቷ ጨው ጨው ይላል ይባላል። አንተ በየቀኑ የምትጠጣው ሰው ነህ፣ እውነት ነው?

አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ስጥልኝ፤ ከዚያ በጅማ አውቶቡስ ይደርሰኛል። እኔም ቡና እልክልሃለሁ። ጥሬው ይሻልሃል ወይስ አስቆልቼ ልላከው?

ወንድምህ ነጂብ
ጅማ