ፈጣን ኮምፒውተር ስለተገዛ ማሽን በሰዓቱ አይሠራም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ የፋብሪካ ማሽኖችን በሚያዙ ኮምፒውተሮች ላይ የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ። በቅርቡ ስለ ከተማችን ፋብሪካዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ማሽን ትእዛዝ ሲዘገይበት «መፍትሔው ፈጣን ኮምፒውተር ነው» ተብሏል። አልስማማም። ያንን አንብቦ ስንት ባለፋብሪካ የውጭ ምንዛሪውን ያባክናል!

አንድ የውሃ ማሸጊያ ላይ የገጠመንን ልንገራችሁ። ክዳን የሌለው ጠርሙስ ሲያልፍ ሴንሰሩ ያየዋል፤ መግፊያው ክንድ ከመስመር ያስወጣዋል። አንዳንዴ ግን ክንዱ ይዘገይና ደህናውን ጠርሙስ ይገፋል። ክፍቱ ያልፋል። ኮምፒውተሩ ይቀየር ተባለ። ፕሮግራሙን ስናየው ክንዱን የሚያዘውና ሪፖርት የሚልከው ሥራ አንድ ሰልፍ ላይ ናቸው። ሪፖርቱ ተልኮ እስኪያልቅ ክንዱ ይጠብቃል። የክንዱን ሥራ ለብቻው አውጥተን ቅድሚያ ሰጠነው፤ ሪፖርቱ በተረፈው ጊዜ ይሄዳል። ሪፖርት ትንሽ ቢዘገይ ማን ይጎዳል? ምንም ዕቃ አልተገዛም።

ቅድሚያ መስጠትም ብቻውን አይበቃም። ፓዝፋይንደር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ካረፈች በኋላ ኮምፒውተሯ እየጠፋ ይነሳ ነበር። የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ፣ ዋናው ሥራ የሚፈልገውን ቁልፍ ይዟል፤ ቁልፍ ማለት የጋራውን ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲጠቀምበት የሚያደርግ የፕሮግራም ምልክት ነው። መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ሌሎች ሥራዎች ገብተው ፕሮሰሰሩን ይቀሙታል። እሱ ካልጨረሰ ቁልፉን አይለቅም፤ ዋናውም ቆሞ ይቀራል። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው፣ ቁልፍ የያዘ ሥራ እስኪለቅ ድረስ የጠባቂውን ቅድሚያ እንዲወርስ አደረጉ። ኮምፒውተሩ ያው ነበር።

«ፕሮሰሰሩ ሩቡ ባዶ ነው፣ ሌላ ሥራ ጫኑበት» የሚሉኝም አሉ። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ሊዩ እና ሌይላንድ በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሒሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እርስ በርስ የማይጠባበቁ ተደጋጋሚ ሥራዎች ይኑሩን። ቶሎ ቶሎ ለሚመላለሰው ቅድሚያ ከተሰጠና ጭነቱ፣ ማለትም ሥራዎቹ በድምሩ የሚይዙት የፕሮሰሰር ጊዜ፣ ከ69 በመቶ ካላለፈ፣ ሥራዎቹ የቱንም ያህል ቢበዙ አንዱም ከጊዜ ገደቡ አያልፍም። ከዚያ በላይ ግን አንድ በአንድ ሳይፈተሽ መተማመን አይቻልም።

በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ ብታወጡ ደስ ይለኛል። ባለፋብሪካዎችም ሻጭ ሲመጣ፣ እያንዳንዱ ሥራ ቢበዛ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚፈጅ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ