ችግኝ ስንመርጥ የሚያብብበትን ወቅትም እንይ

የተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የችግኝ ነገር ሲነሣ የምንጠይቀው ስንት እንደ ተተከለና ስንቱ እንደ ጸደቀ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን በሐዋሳ ከተማ ነዋሪነቴ አንድ ሦስተኛ ጥያቄ እንዲታከልባቸው እለምናለሁ፤ የተከልነው መቼ ያብባል? ይህን የምጠይቀው በግቢዎቻችንና በሐይቁ ዳርቻ ከአበባ ወለላ እየቀሰሙ ስለሚኖሩት፣ በተለምዶ ሰንበርድ ተብለው ስለሚጠሩት ትንንሽ ወፎች ብዬ ነው።

በከተማችን በብዛት ከሚታዩት አንዱ ወንዱ ጥቁር መስሎ ደረቱ ላይ ደማቅ ቀይ ያለበት ነው። ሌላው ከእርሱ አነስ ያለ ሲሆን፣ የወንዱ ጀርባ እንደ ብርሃኑ አቅጣጫ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይለዋወጣል፤ ሆዱ በአንዳንድ አካባቢ ቢጫ፣ በሌላው ደግሞ ነጭ ነው። ይህ የሚያብረቀርቅ ቀለም ከማቅለሚያ ንጥረ ነገር ብቻ የመጣ አይደለም፤ የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃንን ከፋፍሎ ስለሚመልሰው የሚፈጠር ነው። ሴቶቹ ግራጫማ ወይም ቡናማ በመሆናቸው ብዙ ሰው ልብ አይላቸውም፤ ጎጆውን የሚሠሩት ግን በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። በስልክ በምንለዋወጣቸው ቪዲዮዎች ከሚታየው ሀሚንግበርድ ጋር የሚያምታቷቸው ሰዎች አሉ። ሀሚንግበርድ የሚገኘው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ሲሆን ከእኛዎቹ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም፤ ሁለቱን ያመሳሰላቸው አንድ ዓይነት ምግብ ፍለጋ ነው። የእኛዎቹ ለአፍታ በአየር ላይ ቆመው መቅሰም ቢችሉም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመገቡት ቅርንጫፍ ወይም የአበባ ዘንግ ላይ አርፈው ነው። ስለዚህ አበባው ወለላ ያለው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ወፉ የሚያርፍበት ጠንካራ ዘንግም ሊኖረው ይገባል። እሬትና ራስ ክምር ለእነዚህ ወፎች እንዲህ የሚስማሙት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከትንንሾቹ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከአሥር ግራም በታች ይመዝናሉ። ይህን የሚያህል ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ፣ ቀኑን ሙሉ በተደጋጋሚ ካልተመገበ በስተቀር ሌሊቱን መሻገር ይከብደዋል። ፍራንክ ጊልና ላሪ ዎልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በኬንያ በራስ ክምር ወገን አበባ ላይ የሚመገብ አንድ የሰንበርድ ዝርያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በእያንዳንዱ አበባ ውስጥ ያለው ወለላ በእጥፍ ሲጨምር ወፉ ለመመገብ የሚያስፈልገው ጊዜ ከስምንት ሰዓት ወደ አራት ሰዓት እንደሚወርድ አስልተዋል። ወፎቹም የአበባ ይዞታቸውን ከተቀናቃኝ የሚከላከሉት፣ በዚህ የሚተርፋቸው ጉልበት ለጥበቃው ከሚያወጡት ሲበልጥ ነው። ይህን ስሌት ወደ እኛ ከተማ ባመጣው፣ አበባ በሌለበት ወር ወፏ ረሃቡን የምታስታግስበት ትርፍ ጊዜ እንደሌላት እረዳለሁ።

ነገሩ በወለላ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ወለላ ስኳር እንጂ ፕሮቲን እምብዛም የለውም፤ ጫጩቶች የሚያድጉት ወላጆቻቸው በሚያመጡላቸው ትንንሽ ነፍሳትና ሸረሪቶች ነው። ከቅርንጫፍ ላይ እንደ ከረጢት የሚንጠለጠለው ጎጆም ሣሩና የዕፅዋት ጭረቱ የሚያያዘው በሸረሪት ድር ነው። የግቢ አጥር ላይ በየሳምንቱ ፀረ ተባይ መርጨት፣ አበባው ሳይነካ እንኳ፣ የጫጩቶቹን ምግብና የጎጆውን መሥሪያ አብሮ ያጠፋል።

ስለ ተቀጽላም አንድ ነገር ልበል። ከማንጎና ከአቮካዶ ላይ ተቀጽላን ማንሣት ትክክል ነው፤ ዛፉን ይጎዳልና። ነገር ግን በዱር ዛፎች ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ማጥፋት ተገቢ አይመስለኝም። ከአፍሪካ ተቀጽላዎች አንዳንዶቹ አበባቸው ተዘግቶ ይቆይና ወፉ በምንቃሩ ስንጥቁን ሲነካው በድንገት ፈንድቶ የአበባ ብናኙን በወፉ ጭንቅላት ላይ ይረጫል፤ ወፉም ያንን ተሸክሞ ወደ ሌላው አበባ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ትስስር በአንድ የጽዳት ዘመቻ የሚቋረጥ መሆኑ ያሳስበኛል።

የውጭ ዛፍ ሁሉ ለወፎቹ አይረባም ማለቴ ግን አይደለም። ግራቪሊያ ሲያብብ ሰንበርዶች ሲመላለሱበት ይታያሉ። ችግሩ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በረድፍ ሲተከል ለጥቂት ሳምንታት ድግስ፣ ለቀረው ጊዜ ግን ጾም መሆኑ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የሚኖረውና ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ወይራማ የሆነው የሰንበርድ ዝርያ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው። እርሱ የደን ወፍ ነው፤ የሚያስፈልገው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የሚበቅለው ቁጥቋጦና ሐረግ ተራ በተራ የሚያብብበት ድርብርብ ደን ነው። ከሥሩ ተመንጥሮ ግንዱ ብቻ የቆመ ደን ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ቢሆንም ለእንዲህ ዓይነቱ ወፍ ቤት አይሆንም።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። በአሞራ ገደል፣ በታቦር ተራራ ግርጌና በመንገድ አካፋዮች ለሚደረገው ተከላ ችግኝ ሲመረጥ ቆርች፣ ራስ ክምርና እሬት ከሌሎች አገር በቀል ዕፅዋት ጋር ተሰባጥረው ይካተቱ። ቆርች ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል የሚይዝ፣ በበጋ የሚያብብ፣ አፈርንም በናይትሮጅን የሚያዳብር በመሆኑ ለአጥር የሚመች ነው፤ ለችግኝ ጣቢያም ብዙ ወጪ አያስከትልም። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ደግሞ ለአካባቢያችን የሚስማሙትን ዕፅዋት የአበባ ወቅት በወር በወር የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ቢያዘጋጅልን፣ የቀበሌ ኮሚቴም ሆነ የግቢ ባለቤት በቀላሉ ሊጠቀምበት ይችላል። ንብ አናቢዎችም የሚሹት ይኸው ሠንጠረዥ ነው። ጋዜጣዎ ከተከላው ወቅት በፊት ቢያትምልን ደግሞ እኔን ጨምሮ በየግድግዳችን የምንለጥፈው ብዙ ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ