የማሳው ስም ይጻፍልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከጎንደር ነው፣ ስለ እርሻ ማሳ ስም። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ እኔን በጣም ይቆጨኛል።

የአየርላንድ ገበሬ ማሳውን በስም ነው የሚጠራው። ከስሙ ኋላ ብዙ ጊዜ ተረት አለ። ካቶሊኮች በሕግ ይሳደዱ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ተደብቆ ያስቀደሰበት መሬት ዛሬም የቅዳሴ ማሳ ይባላል። አንዳንዱ ማሳ መሃል ደግሞ ክብ የአፈር ካብ አለ፤ ከሺህ ዓመት በፊት ሰው የኖረበት ቅጥር ነው፣ ገበሬው ግን የማይታዩ ፍጡራን ሰፈር ነው ብሎ ማረሻ አያስነካውም፣ እዚያ የበቀለውን እሾሃማ ዛፍም አይቆርጥም። ለጎንደር ሰው ይሄ ማብራሪያ አያሻውም። አድባር ላይ ምሳር የሚያነሳ ማን አለ?

ከሁሉም ልቤን የነካው "የረሃብ ሣር" የሚሉት ነው። ሳያውቅ የረገጠው መንገደኛ ድንገት ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ቁራሽ ካልቀመሰም እዚያው ይቀራል ይላሉ። ሣሩ የሚበቅለው በረሃብ የሞተ ሰው በወደቀበት ቦታ ነው ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ሲጠፋ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀበት አገር ነው። እኛም ከብቱ ሁሉ ያለቀበትን የ1880ዎቹን ክፉ ቀን ከአያቶቻችን አፍ ሰምተናል። የትኛው ማሳ ላይ ማን እንደወደቀ ግን ማን ጻፈው?

እነሱ ጻፉት። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 በ5,000 ገደማ ትምህርት ቤቶች ልጆች ድርሰት በመጻፍ ፋንታ አያትና ጎረቤት እየጠየቁ የሰሙትን በደብተር አሰፈሩ። ደብተሮቹ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ኢንተርኔት ላይም ይነበባሉ።

እኛ ጋስ? ከተማው እየሰፋ ነው፤ ማሳው ሲሸነሸን ስሙ ይቀርና ቁጥር ይሰጠዋል። ጃን ተከልንማ ሁሉም ያውቀዋል፣ ነገሥታቱንም ግንቡ ያስጠራቸዋል። የሚጠፋው የገበሬው ነው። ደምቢያ ወይም ወገራ ሂዱና አንድ ሽማግሌ ጠይቁ፣ ዋልካውን፣ ገደሉን፣ ምንጩን በየስሙ ይዘረዝሩላችኋል፣ ለምን እንደተባለም ያወጓችኋል። የልጅ ልጃቸው ግን "የእኛ ማሳ" ከማለት አያልፍም።

የአማርኛ መምህራን፣ እባካችሁ አንድ የቤት ሥራ ስጡ። ልጆቹ የእርሻቸውን ስም ይጠይቁ፣ ታሪኩን ይጻፉ፣ የነገራቸውን ሰው ስምና ቀበሌም ያስፍሩ። ገንዘብ አይጠይቅም። ጋዜጣችሁም በየሳምንቱ አንድ የማሳ ስም ከነታሪኩ ቢያወጣ መጀመሪያ የምልከው እኔ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር