ያ ሰውዬ ወርቁን አልደገፈውም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዕትማችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ስላወጣችሁት የድሮ ፎቶ ነው የምጽፈው። አንድ ጺማም ሰውዬ ቁመቱን ሊደርስበት ጥቂት የቀረው የወርቅ ቋጥኝ አጠገብ ቆሟል። ከሥሩ «ወርቁን ደግፎ የቆመው ዕድለኛ» ብላችኋል። ፎቶው ደስ ይላል፣ ግን ሰውዬው ወርቁን አልደገፈውም። እሱን ስቱዲዮ ውስጥ ለብቻው አነሱት፣ ድንጋዩን ለብቻው፣ በረንዳውን ለብቻው፣ ከዚያ አገጣጠሟቸው። ፎቶሾፕ ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ሰውዬው በርንሃርድ ሆልተርማን ነው፣ ከጀርመን አውስትራሊያ የገባ ስደተኛ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1872 ሂል ኤንድ በምትባል የወርቅ ከተማ፣ እሱ ድርሻ ካለው ጉድጓድ 286 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ወጣ። ከዚህ ውስጥ 93 ኪሎ ገደማው ወርቅ ነው። ሆልተርማን ድንጋዩ እንዳለ እንዲቀመጥ ፈልጎ ከዋጋው በላይ ልክፈል ብሎ ነበር፣ ኩባንያው ግን እምቢ አለና ተፈጨ። ዛሬ የሚታየው ፎቶው ብቻ ነው።

እኔን የቆጨኝ ግን የፎቶው ስም አይደለም። ከዚያች ከተማ አንድ ፎቶ መርጣችሁ የሀብታሙን ማውጣታችሁ ነው። በዚያው ዓመት ቦፎይ ሜርሊን የሚባል ፎቶ አንሺ ከረዳቱ ከቻርልስ ቤይሊስ ጋር ሂል ኤንድንና ጉልጎንግ የምትባለውን ሌላ የወርቅ ከተማ በር በበር እየዞረ ያነሳ ነበር። ሥጋ ቤቱን፣ ጫማ ሰፊውን፣ ጠላ ቤት በሉት መጠጥ ቤቱን፣ በዛፍ ቅርፊት የተከደነውን ጎጆ ሁሉ ባለቤቶቹን ደጃፉ ላይ አቁሞ ነው ያነሳው። ለንግድ ነው እንጂ ለታሪክ ብሎ አልነበረም። ሰው የቤቱን ፎቶ ይገዛዋል፣ ለዘመድ ይልካል፣ አለቀ።

ሥራው ደግሞ እንዲህ እንደዛሬው ቀጭ አድርጎ መሄድ አይደለም። መስታወቱን ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ ይቀቡታል፣ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይነክሩታል፣ ሳይደርቅ ያነሱበታል፣ ሳይደርቅ ያጥቡታል። ስለዚህ ጨለማ ክፍሉን ይዘው ነው የሚዞሩት። ብርሃን ለመቀበል ሰከንዶች ስለሚፈጅ ሰዎቹ እንደ ሐውልት ደርቀው ይቆማሉ፣ ጭራውን የቆላ ውሻ ደግሞ ጭራ የሌለው ሆኖ ይወጣል። ግን ጥራቱ! አሁን በዲጂታል ተገልብጠዋል፣ አንዱን ከፍታችሁ ብታጎሉት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ትችላላችሁ። የልጁ ባዶ እግር ላይ ያለው ጭቃ ሳይቀር ይታያል።

ሜርሊን በ1873 ሞተ። ሥራውን በገንዘብ ይደግፍ የነበረው ያው ሆልተርማን ነው፣ ይህን አልክድበትም፣ ፎቶዎቹን አሜሪካና ፓሪስ ድረስ ይዞ ሄዶ አሳይቷል። እሱም በ1885 ሲሞት መስታወቶቹ ተረሱ። በ1951 ሲድኒ ውስጥ አንድ ግቢ ያለች መጋዘን ስትከፈት 3,500 ያህል የመስታወት ኔጋቲቭ ተቆልሎ ተገኘ። አሁን ሲድኒ ያለችበት የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነው። ሂል ኤንድ ራሷ ባዶ ልትሆን ምንም አልቀራትም፣ ግን ሱቅ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ የዚያው ሱቅ ፎቶ ተተክሎ ይታያል።

አሁን ወደ እኛው ሰፈር ልምጣ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መጀመሪያ ስንገባ ከተማዋን የያዟት የፊኒሺንግ ሰዎች ነበሩ። በር በያጅ፣ ጂፕሰም ሠራተኛ፣ ሴራሚክ ቆራጭ፣ አሸዋ አውራጅ፣ ውሃ በጀሪካን በአህያ ጋሪ የሚያመጣ፣ ለእነሱ ሁሉ በላሜራ ቤት ውስጥ ሽሮና ፓስታ የምትሠራ። ሌሊት ሁሉ የብየዳ እሳት ይታይ ነበር። ቤቱ ሁሉ ተጨርሶ ሥራ ሲጠፋ ነቅለው ወደ ሌላ ሳይት ሄዱ፣ ልክ ወርቅ ቆፋሪ ጉድጓዱ ሲነጥፍበት እንደሚሄደው። ከእነሱ በፊት ደግሞ እዚህ ጤፍ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ። እነሱንስ ማን አነሳቸው?

ያቺን ሽሮ ቤት በፎቶ ላሳያችሁ ብል ያለኝ የጎረቤት ልጅ ልደት ላይ የተነሳ ነው። ልጁ ኬክ ይዞ ፊት ለፊት፣ ሽሮ ቤቷ ከጀርባው በስተቀኝ ግማሿ ተቆርጦ። የሰፈራችን ፎቶ ቤት ደግሞ ሲዘጋ ኔጋቲቩን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ለቆሻሻ ጋሪ አስረከበ። ፎቶ አንሺው ልጅ ምን ያድርግ፣ ኪራይ ጨመሩበት፣ ዕቃው ደግሞ ቦታ ይይዛል። «የሚፈልግ ካለ ውሰዱ» ብሎ በሩ ላይ ለጥፎ ነበር፣ የፈለገ አልነበረም።

የነገሥታቱን ፎቶማ አላጣንም። ከምኒልክ ጀምሮ የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥት ሲያነሳ ኖሯል፣ እግዜር ይስጣቸው። የጠፋን የሱቁ፣ የጉልቱ፣ የጋሪ ነጂው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ አሁን በየወሩ ነው መልኳ የሚቀየረው። ልማቱን ለመቃወም አይደለም ይህን የምለው። ከመፍረሱ በፊት ባለቤቱን ደጃፉ ላይ አቁሞ አንድ ፎቶ ማንሳት ልማት አያስቆምም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የመጨረሻ ገጻችሁን ግማሹን ለአንባቢ ልቀቁት። አያት፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ኮዬ ፈጬ ያለ ሰው የጎረቤቱን ሱቅ ከነባለቤቷ፣ አስፈቅዷት፣ አንስቶ ይላክ። ቀኑንና የቦታውን ስም ካልጻፈ አትቀበሉት፣ «ድሮ የተነሳ» የሚል ነገር ሰልችቶናል። ወርቅ ወርቅ ካላችሁ ደግሞ የራሳችን አዶላና ሻኪሶ አለላችሁ። አባታቸው ወይም አያታቸው እዚያ የሠሩ አንባቢዎች አልበማቸውን ቢያገላብጡ ከሆልተርማን የተሻለ ታገኛላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ፎቶውን በቴሌግራም ሲልኩላችሁ እንደ ፋይል ይሁን በሏቸው፣ ዝም ብሎ ከተላከ ይጨመቅና ሲያጎሉት የሱቁ ስም አይነበብም።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ