ደሴም በእግር የምትታይበት መስመር ይውጣላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ደሴ ቱሪዝም በተነሳ ቁጥር ንግግሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እንግዳው ወደ ላሊበላ ሲያልፍ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ሲነጋ ይሄዳል። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም ሁልጊዜ ትልቅ ሆቴል፣ አስጎብኚና መኪና ነው። ከእነዚህ የሚቀድምና ወጪው የሚቀል ነገር ግን ማንም አያነሳም፤ እንግዳው አንድ ወረቀት ይዞ፣ ያለ መሪ፣ በእግሩ የሚሄድበት በቅጡ የተጠና መስመር። እንዲህ ያለው መስመር ምን ምን እንደሚጠይቅ በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው የጀርመን ከተማ በሬገንስቡርግ ማሳየት ይቻላል።

ከተማዋ ለዚህ የምትመች ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ፋብሪካዋ ቢደበደብም አሮጌው ሰፈር ከብዙዎቹ የጀርመን ከተሞች በተሻለ ተርፏል። ዩኔስኮም በ2006 (ስለ ሬገንስቡርግ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በዓለም ቅርስነት የመዘገበው አንድ ሕንጻ ለይቶ ሳይሆን፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሽታትአምሆፍን ጨምሮ አሮጌውን ከተማ ነው። ዋና ዋናው ነገር ሁሉ ከሦስት ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ውስጥ ይገባል። ሳይቆሙ ቢሄዱት ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ እያዩ ከሆነ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መነሻው ላይ ነው። ባቡር ጣቢያው በከተማዋ ደቡብ በኩል ስለሆነ፣ ከሙኒክ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዞ የወረደ እንግዳ እግሩ እንዳመራው ወደ መሐል ይገባና ድልድዩ ላይ መጨረሻ ይደርሳል። ያኔ ከተማዋን ከጀርባዋ አያት ማለት ነው። ትክክለኛው መነሻ ማዶ፣ ሽታትአምሆፍ ነው። ከዚያ ሆኖ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ድልድዩ፣ የበሩ ግንብና የካቴድራሉ ሁለት ሾጣጣ ማማዎች በአንድ ዕይታ ይገባሉ፤ የቀረው መንገድ ይህንን እየዘረዘረ የሚሄድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትሆን ፎቶ አይወጣም።

ድልድዩ ላይ ቸኩሎ ማለፍ ጥፋት ነው። ከ1135 እስከ 1146 ተሠርቶ ዛሬም የቆመው ይህ የድንጋይ ድልድይ ርዝመቱ ከ300 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ሲሠራ 16 ቅስቶች ነበሩት። እግሮቹ የቆሙት በድንጋይና በእንጨት ምሰሶ በታጠሩ ሰው ሠራሽ ደሴቶች ላይ ነው። ደሴቶቹ ወንዙን ስላጠበቡት ውሃው በቅስቶቹ መካከል እየተጣደፈ ያልፋል፣ ከታችም አዙሪት ይሠራል። ትልልቅ መርከቦች በዚህ ማለፍ ስለማይችሉ በሰሜን በኩል በተቆፈረ ቦይ ይዞራሉ። እንግዳው መሐል ላይ ቆሞ ወደታች ቢመለከት ይህን ሁሉ በዓይኑ ያያል፤ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ካልተጻፈለት ግን የሚያየው ድፍርስ ውሃ ብቻ ነው። በ1945 የጀርመን ጦር የአሜሪካኖችን ግስጋሴ ለማዘግየት ከቅስቶቹ የተወሰኑትን አፈንድቷል፤ በድንጋይ ተመልሰው የተሠሩት በ1967 ነው። ከ1997 ጀምሮ የቤት መኪና፣ ከ2008 ጀምሮ አውቶቡስም አያልፍበትም። ብስክሌት ግን ያልፋል፤ ለፎቶ ወደኋላ የሚያፈገፍግ ሰው ይጠንቀቅ።

በከተማው በኩል ከድልድዩ ሥር ያለው ሰፊ ጣሪያ በ1616 እና በ1620 መካከል የተሠራ የጨው መጋዘን ነው። ጨው በወንዝ በጀልባ መጥቶ እዚህ ይራገፍ ነበር። አሞሌ ከአፋር በግመል ተጭኖ ወደ ወሎ ገበያ ይወጣ እንደነበር ለሚያውቅ አንባቢ የጨው መጋዘን ለምን የከተማ በር ላይ እንደተሠራ ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ ውስጡ ስለ ከተማዋ ቅርስ የሚያስረዳ የነጻ ትርኢት አለ፤ መስመሩን ከመቀጠል በፊት ገባ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ጥብስ ቤት በጣም ዝነኛ ናት፤ ነገር ግን ቋሊማው የአሳማ ሥጋ ስለሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የእኛ አገር ተጓዥ ቀድሞ ይወቀው። ደግሞም ቤቷ ከወንዙ አፋፍ ላይ ስለሆነች ዳኑብ ሲሞላ፣ ለምሳሌ በ2013 ሰኔ እንደሆነው፣ የወንዙ ዳር መንገድ ይዘጋል። ጥሩ ወረቀት ተለዋጭ መንገዱን ጨምሮ ያሳያል።

ከዚያ በጠባቡ መንገድ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሄድ እንዳሉ በአንድ ሕንጻ ግድግዳ ውስጥ የተሰካ የሮማውያን በር ይገኛል። በንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ ዘመን በ179 የተመሠረተው የጦር ሰፈር ሰሜናዊ በር ነው። ቀና ብሎ የማያይ ሰው አጠገቡ አልፎት ይሄዳል።

የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል 13ኛው መቶ ዘመን ላይ ተጀምሮ ማማዎቹ 105 ሜትር ደርሰው ያለቁት በ1869 ነው። የፊት ለፊቱ ገጽ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው። ውስጡ ሁለት ዓምዶች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በአንዱ ላይ እመቤታችን፣ በሌላው ላይ ፈገግ ያለ ቅዱስ ገብርኤል አለ። ብሥራትን በሁለት ዓምድ መካከል ባለ ባዶ ቦታ መንገር የሚደነቅ ጥበብ ነው።

ኖይፋርፕላትስ የተባለው አደባባይ ላይ ነጭ ዝቅተኛ የሲሚንቶ ቅርጽ አለ፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። በ1519 የአይሁድ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪዎቹ ሲባረሩ የጠፋው ምኩራብ የቆመበት ቦታ ነው፤ ቅርጹ የእስራኤላዊው ዳኒ ካራቫን ሥራ ሲሆን በ2005 ተመረቀ። ይህን ሳይናገር የሚያልፍ መስመር እንግዳውን ያታልለዋል።

አሮጌው ማዘጋጃ ቤት መግቢያ ላይ ሦስት የብረት መለኪያዎች ተሰቅለዋል፤ የከተማዋ ጫማ፣ የከተማዋ ክንድ፣ ሁለት እጅ ሲዘረጋ ያለው ልክ። ነጋዴና ሸማች ሲጣሉ እዚህ መጥተው ይዳኙ ነበር። ከ1663 እስከ 1806 የጀርመን መሳፍንት ጉባኤ የተቀመጠበት አዳራሽ ከላይ ነው፤ እሱን ግን ብቻውን የሚሄድ ሰው አያየውም። የሚገባው በተወሰነ ሰዓት ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን ቀድሞ መጠየቅ ያሻል። የተጻፈው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑም አይዘንጋ፤ 14 ሰዓት ማለት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። መስመሩ የሥነ ፈለኩ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር በ1630 ያረፈበት ቤት ደርሶ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል።

አሁን ወደ ደሴ። አይጠየፍ አዳራሽ አለ፣ መርሆ ግቢ አለ፣ ሸዋ በር መስጊድ አለ፣ አራዳና ሙጋድ አሉ። የሌለው ቅደም ተከተል ነው። መነሻው መናኸሪያው መሆን የለበትም፤ ከተማዋ ባንድ ዕይታ የምትገባበት የጦሳ ተራራ ሥር ቢሆን ይሻላል፣ ከዚያ ቁልቁል መውረድም ትንፋሽ አይቆርጥም። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለሆንን ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገት ላይ ይደክማል። ርቀቱም በሜትር ሳይሆን በደቂቃ ይጻፍ፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ ለየብቻ። በየቦታው ምን ክፍት ነው፣ በስንት ሰዓት፣ ጫማ የሚወለቀው የት ነው፣ ነጠላ የሚያስፈልገው የት ነው፣ ንጹሕ መጸዳጃ ያለው የት ነው የሚለው ይግባ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ ቅርሱን ያጣው የደሴ ሙዚየም ዘንድ ሲደርስም ዛሬ ምን እንዳለና ምን እንደተወሰደ በግልጽ ይጻፍ። አይጠየፍ ላይ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ለምን ይህ ስም እንደተሰጠው ሁለት መስመር ይበቃል፤ ስሙ ራሱ ስለ ወሎ ብዙ ይናገራል።

ጋዜጣው ግማሽ ገጽ ቢሰጥ የመጀመሪያው ረቂቅ እዚሁ ሊወጣና የየሰፈሩ ሰው ሊያርመው ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብና ጭጋግ ስለሚበረታ፣ መስመሩን በእግር መፈተሹ ከመስከረም በኋላ በጠዋት ቢጀመር ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ