ጡረታ ስወጣ ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ

መምህርነቱን ተሰናብቼ ቤቴ ከገባሁ ወራት አለፉ። ደስ ብሎኝ እየኖርኩ ነው። ለዚህ ያበቃችሁኝን ሰዎች ሳላመሰግን ዝም ማለት ከበደኝ።

የመንግሥት ሠራተኛ መጦሪያ 60 ዓመት ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ግን በ55 ዓመቱ ጡረታውን ማስከበር ይችላል። እኔም ቆሞ ማስተማሩን ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ ይህንኑ ጠየቅኩ። «ምነው፣ ገና ሳትደክሚ?» ያላችሁኝ ወዳጆቼ፣ ለእኔ አስባችሁ ነውና እግዜር ይስጥልኝ።

ፈተናው የመጣው ከማህደሬ ነው። የመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤዬ የለም ተባለ። እሱ ካልተገኘ ገጠር ያስተማርኩባቸው ዓመታት ሊቀሩብኝ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። በተቀጠርኩበት ወረዳ መዝገብ ቤት ያገኘኋቸው አባት ግን ምሳቸውን ትተው፣ ያንን ሁሉ አቧራማ ፋይል አገላብጠው ደብዳቤውን አወጡልኝ። ጋሼ፣ የዘመን ልፋቴን ነው ያተረፉልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የትምህርት ቤቴ ባልደረቦች፣ ያለበሳችሁኝን ጋቢ ማታ ማታ እደርበዋለሁ። ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ከሽኝቱ በኋላም አለመርሳታችሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የ8ኛ ክፍል ተፈታኞችን ሒሳብ እንዳስጠና ስትጠሩኝ ነፍሴ መለስ አለች። ደወል የለ፣ የሚታረም የደብተር ክምር የለ። ልጆቹና ጠመኔው ብቻ። የምወደው ሥራ ይኸው ነበር!

ጎረቤቶቼ፣ በመጀመሪያው ሰሞን ሌሊት ነቅቼ የምሄድበት ጠፍቶኝ ስንቆራጠጥ «ነይ፣ ቡና ደርሷል» እያላችሁ አወጣችሁኝ። አሁን እኔም ተራዬን አፈላለሁ።

ባለቤቴ ደግሞ አበሉ ከደመወዜ እንደሚያንስ እያወቀ «አብቃቅተን እንኖራለን» አለኝ፤ አንድም ቀን ቅር ሲለው አላየሁም። ጠዋት አብረን ጣና ዳር እንሄዳለን። ጉልበቴ ደህና ካደረ ግንቦት 2016 እስከተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንዘልቃለን። ባሕር ዳርን እንዲህ ተረጋግቼ አይቻት አላውቅም። ኑርልኝ።

ገና ሥራ ላይ ያላችሁ መምህራን፣ አደራ፣ ማህደራችሁን ከአሁኑ አስወጥታችሁ እዩ። የቅጥሩም፣ የዝውውሩም፣ የደረጃ እድገቱም ደብዳቤ መኖሩን አረጋግጡ። ግራ የገባው ካለ ይምጣ፤ ቤቴን ታውቁታላችሁ፣ ወረቀቱን አብረን እናያለን።